ከአበባው ዳር የቆረጥኩህ

ተሼ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ዛሬ አሥር ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ምን ብዬስ እጽፍልህ ነበር? እኔ የምጽፈው የአበባ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ነጭ ጽጌረዳ፣ ለሙሽራ፣ ለቅዳሜ ጠዋት። አንተም ከትከሻዬ በላይ እያየህ የሐኪም ጽሑፍ ይመስላል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁንም ያው ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ከዚህ በላይ አይስተካከልም። ዝም ብለህ አንብበው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ቤቲ ሥራዋን አላቋረጠችም። ማታ ስትመለስ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ወደ ወንበርህ ታያለች፤ ከዚያ ቶሎ ፊቷን ታዞራለች። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ከፊታችን ያለው ግቢ ተሽጦ ፎቅ እየተሠራበት ነው፤ ሦስተኛው ወለል ላይ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት በመስኮታችን ይገባ የነበረው ብርሃን ቀርቷል። አበባውን ፎቶ የማነሳው አሁን በሩ አጠገብ ነው፤ ጠረጴዛዋን ወደዚያ ጎትቻታለሁ። የበሩ ብርሃን ክፉ አይደለም፤ ግን ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ይጨልማል። አንተ ብትኖር አንድ መላ አታጣለትም ነበር።

ታስታውሳለህ ስንጀምር? አዲሱ ገበያ አበባ ቤት ተቀጥሬ ግንድ ስቆርጥና ቅጠል ስለቅም ቆይቼ፣ በራሴ ቤት እቅፍ አበባ መሥራት የጀመርኩ ጊዜ ነው። ደንበኛ ሁሉ በስልክ ፎቶ ላኪልኝ ይል ጀመር። እኔ ደግሞ አበባ ማሰር እንጂ ፎቶ ማንሳት የት አውቄ? እኩለ ቀን ላይ ግቢ አውጥቼ አነሳሁት፤ ነጩ ጽጌረዳ የተላጠ እንቁላል መሰለ። ቤት ውስጥ በስልኩ መብራት አነሳሁት፤ ላስቲክ መሰለ። መስኮቱ ፊት አስቀምጬ አነሳሁት፤ ብርሃኑ ከኋላ ስለመጣ አበባው ጠቆረና የአበባ ጥላ ብቻ ቀረ። አንተ አንድ በአንድ እያየህ ለዚች ለሦስተኛዋ ነፍስ ይማር አልክ። ተናድጄብህ ስልኩን አልጋ ላይ ወረወርኩት።

ያስተማረን ያ የመጽሔት ቅጠል ነው። ብርጭቆ ማስቀመጫ ገዝተን የተጠቀለለበት ወረቀት። ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ነበር፤ ሥዕሉን ግን አየነው፤ አንድ ሰውዬ በመስኮት አጠገብ የፍራፍሬ ሳህን ያነሳል፣ በወዲያ በኩል ነጭ ወረቀት ቆሟል። እኔ ወረቀቱ ለጌጥ ነው አልኩ። አንተ አናጢ ነህና ሥራ የሌለው ነገር እዚያ አይቆምም አልክ። በማግስቱ ሸጎሌ ካለው ሥራ ቦታህ ክንድ ከስንዝር የሆነች ስስ ጣውላ ነጭ ቀለም ቀብተህ ይዘህ መጣህ። ብርሃኑ በመስኮቱ ከግራ ሲገባ አንተ በቀኝ ቆመህ ያዝካት። የጽጌረዳው ጨለማ ጎን ቀስ ብሎ በራ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ጨረቃ ሆነ፤ ከፀሐይ ተቀብላ የምትሰጥ ብለህ ያወጣህላት አንተ ነህ። ሰው ቤታችን ገብቶ ተሼ ጨረቃዋን አምጣት ስልህ ቢሰማ አብደዋል ማለቱ አይቀርም ነበር።

ሌላውንም እንዲሁ እየለቃቀምን ተማርነው። ከማንሳቴ በፊት የስልኩን ዓይን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ስክሪኑ ላይ አበባውን በጣቴ እነካዋለሁ፤ ስልኩ እሱን አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዛል። ከሩቅ ሆኜ ከማቀርበው እኔው እጠጋለሁ። ነጭ አበባ ሲሆን ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ አለዚያ ቅጠሉ ከቅጠሉ አይለይም። የጎረቤት ሰማያዊ ቆርቆሮ አጥር ነጩን አበባ ሰማያዊ ሲያደርግብን ምክንያቱ እስኪገባን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ በመጨረሻ አጥሩ ላይ አንሶላ ሰቀልክበት። ሰው ክረምት ሲመጣ ያማርራል፤ እኛ ደስ ይለን ነበር፤ የደመና ብርሃን አበባ አያቃጥልም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረን፤ እሱም አንተ ነበርክ። ጨረቃዋን ጠጋ ካላደረግካት አትሠራም፤ ጠጋ ስታደርጋት ደግሞ እጅህ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ያ መጋዝ ጫፉን የበላው የግራ ሌባ ጣትህ ከጽጌረዳው ጎን ብቅ ይላል። አንዴ ሳላይ ልኬው የሙሽራዋ እናት ደውለው ጣቱም ከአበባው ጋር ነው ወይ የሚመጣው ብለው ጠየቁኝ። አፈርኩ። አንተ ግን እስክታለቅስ ሳቅክ። «ቁረጪኝ በቃ፣ እኔ አልሸጥም» አልከኝ።

ቆረጥኩህ ተሼ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነሳሁትን ሁሉ ከመላኬ በፊት ቆረጥኩ። ጣቴን የፎቶው ጥግ ላይ አደርግና ወደ ውስጥ እገፋለሁ፤ አንተ ትወጣለህ፣ አበባው ይቀራል። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ሌላ ፎቶ እንዳይኖርህ ደግሞ አንተም አግዘሃል። የቤቲ ምርቃት ቀን እናንተ ቁሙ እኔ አነሳለሁ ብለህ ስልኩን ወሰድክ፤ የሁለታችንንም ራስ ቆርጠህ ጋዋኑንና ጫማችንን አስቀረህልን። እጽዋት ማዕከሉ የሄድን ጊዜ እዚህ ዛፍ ሥር ቁምልኝ ብልህ ከዛፍ ጎን ምን ልሁን ብለሽ ነው ብለህ የግንዱን ልጣጭ ስትዳብስ ቀረህ፤ ጣውላው ስንት ይወጣው ይሆን እያልክ። የሠርጋችን አልበም ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ ገብቶት እርስ በርሱ ተጣበቀ፤ ስናላቅቀው ፊታችን ከወረቀቱ ጋር ሄደ።

ስለዚህ ስትሞት ለቅሶው ላይ የተያዘው የመታወቂያህ ፎቶ ነበር። ጥርስህን በነቀልክ ማግስት የተነሳኸው፣ ጉንጭህ ያበጠው። ወንድምህ ጋሽ ወርቁ አስተልቀው በፍሬም አመጡት። አልቃሾቹ ያንን ወደ ላይ እያነሱ አለቀሱ። ከገጠር የመጡ አንዲት ዘመዳችሁ አጠገቤ ያለችውን ሴት ይሄ የማን ፎቶ ነው ብለው ሲጠይቁ ሰማኋቸው። እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይቆም ነበር። ሰው ምን እንዳለኝ አላውቅም። ያ ሰውዬ አንተ አልነበርክም፤ ለማላውቀው ሰው እንዴት ላልቅስ?

የሐኪሙንም ነገር ልንገርህ፤ ያኔ ደክሞህ ስለነበር አልሰማህም። ጉበቱ ነው፣ ቆይቷል አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሲከሳ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አላያችሁም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩ። እውነቴን ነበር የመሰለኝ። ስድስት ሳምንት ብቻ ቆየህልን።

አሁን ሙት ዓመትህ እየቀረበ ነው። ለዚያ ቀን ሐውልትህ መቆም አለበት፤ ሐውልቱ ላይ ደግሞ ፎቶ ይለጠፋል። ጋሽ ወርቁ ድንጋዩን አሠርተው ጨርሰዋል፤ እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይ ፎቶ ፈልጊ አሉኝ። ያ ያበጠው ጉንጭ ለዘላለም ድንጋይ ላይ እንዳይቀር እሳቸውም ፈርተዋል። ዘመድ ሁሉ ጋ ጠየቅን። የአንዱ ሠርግ ላይ ጀርባህ አለ። የሌላው ክርስትና ላይ ድስት ስታወርድ ክንድህ አለ። ፊትህን ይዞ የቀረ ሰው ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ሳገላብጥ ቤቲ መጣች። ምን ሆነሻል አለችኝ። ይሄ ሁሉ ሺህ አበባ አባትሽ አጠገቡ ቆሞ ነው የተነሳው፣ እኔ ግን ቆርጬ ጣልኩት አልኳት። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። አንዱን እቅፍ አበባ ከፈተችና የሆነ ነገር ነካች፤ ስልኩ የቆረጥሽውን አይጥለውም እማዬ፣ ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው አለችኝ። ፎቶው ወደ ጎን ሰፋ። ከጽጌረዳው በስተቀኝ እጅህ ወጣ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ። እጅህ ወጣ ተሼ። ጫፉ የሌለው ጣት፣ ጥፍርህ ሥር ያለው ሙጫ። ቤቲ ጮኸች።

ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱን እየከፈትኩ መመለስ ያዝኩ። ከድሮው ጀመርኩ። ቡናማው ሹራብህ ወጣ፣ ክርኑ ሳይቀደድ። በላስቲክ ጫማ ያለ እግርህ ወጣ። ጨረቃዋን በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው ዳቦ የምትበላበት ወጣ፤ እኔ ቁም ነገር ስሠራ አንተ እየበላህ እንደነበር እስከዛሬ አላወቅኩም። አንዳንዱ ላይ ጉልበትህ ብቻ ነው። ፊትህ ግን የለም፤ ሁልጊዜ ከጣውላዋ ጀርባ ነህ። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ደስ እያለኝ ነበር የማየው፤ ምግብ እንኳ እየበላሁ ነበር።

ወደ መጨረሻው ዓመት ስደርስ ነው የገባኝ።

ጨረቃዋ እየወረደች ነው። መጀመሪያ በአበባው ራስ ልክ ትይዛት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ላይ በአበባው ወገብ ልክ ናት። ሰኔ ላይ ጉልበትህ ላይ አሳርፈሃታል። የጋብቻ ቀለበትህ ድሮ ሥጋህ ውስጥ ገብቶ አይወልቅም ነበር፤ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ወርዶ መገጣጠሚያህ ጋ ቆሟል። የእጅህ አንጓ አጥንት ወጥቷል። ጣውላዋ ጠርዟ አይጠራም፤ አበባው ጥርት ብሎ እሷ ሁለት መስላ ትታያለች፤ እየተንቀጠቀጠች ነበርና። በየሳምንቱ፣ በየትእዛዙ፣ እያነሳሁህ ነበር ተሼ። ሐኪሙ የጠየቀኝ ነገር ሁሉ በእጄ ነበር። እያነሳሁ ቆርጬዋለሁ።

አንዱን ቀን አስታውሳለሁ። ስስ ሮዝ ጽጌረዳና ጂፕሶ፣ ያቺ እንደ ጤፍ የደቀቀች ነጭ አበባ፣ ለአንዲት ሙሽራ። ብርሃኑ አበባው ላይ እየተወዛወዘ አስቸገረኝ። «ዝም ብለህ ያዛት እንጂ» ብዬ ጮህኩብህ። እኔ በሃያ ሰባት ዓመት ስንቴ ጮኼብህ አውቃለሁ? አንተም ጨረቃዋ ዛሬ ከበደች አልክና ጉልበትህ ላይ አሳረፍካት። የከበደችው በበሽታህ መሆኑን አላወቅኩም። አንተስ ታውቅ ነበር? ይህን ብቻ ብትነግረኝ። ያን ቀን ፎቶው አምሮ ወጣ፤ ደንበኛዋ አመሰገነችኝ፤ እኔም ምስጋናዋን ለአንተ ማካፈል ረሳሁ።

ፊትህ ያለበት አንድ ፎቶ ብቻ አገኘሁ። ስፈልገው የነበረውን ካገኘሁ በኋላ ደስታው የት እንደሄደ አላውቅም። ከጣውላዋ ጀርባ ብቅ ብለህ የሆነ ነገር ልትጠይቀኝ ስትል እኔ ነክቼዋለሁ። ቅንድብህ ተነስቷል፣ አፍህ ሊከፈት ነው። ግን ስልኩ ያጠራው አበባውን ነው፤ አንተ ከኋላ ደብዝዘሃል። እኔ ነኝ አበባውን በጣቴ የነካሁት።

ይዤው አዲሱ ገበያ ካለው ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ ጋሽ ወርቁም መጡ። የፎቶ ቤቱ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ሲያተልቀው የባሰ ደበዘዝክ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ቃል ፈልጎ ፈልጎ «ማዘር፣ ይሄ እኮ የአበባ ፎቶ ነው፤ የሰው አይደለም» አለኝ።

ከዚያ ግን ማስተካከያ አለው ብሎ የሆነ ነገር ነካ። ትንሽ ቆየና አንድ ሰው መጣ። ጥርት ያለ፣ ግንባሩ የለሰለሰ፣ ዓይኑ የሚያበራ፣ ከንፈሩ በልክ የተሠራ። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶት ነው። ሰው ሲያየው ተሾመን ይመስላል። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ፤ ይሄ ነው፣ ይሄ ይሁን አሉ።

እኔ ታውቀኛለህ፤ በቤተ ዘመድ ፊት አፌን የምከፍት ሴት አይደለሁም። ግን ለዚያ የፎቶ ሰውዬ ማልቀስ አቅቶኝ ፍራሹ ላይ የተቀመጥኩበት ቀን መጣብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ተሾመ አይደለም» አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው ዞረው «ዘነቡ፣ እኔ እኮ መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ማሽኗ የሠራችውን ፊት የፈለጉት ለዚህ ነበር፤ የሚይዙት ነገር ፈልገው ነው። አጠገባቸው ቆሜ ነጠላዬን አቀበልኳቸው። እኔም እየጠፋብኝ ነው አላልኳቸውም። ለአንተ ግን አልዋሽህም፤ አንዳንድ ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልግህ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያበጠው ጉንጭ ነው።

ተነጋገርን። ሐውልትህ ላይ ፎቶ አይኖርም። ስምህ፣ የአባትህ ስም፣ ከሥሩ አናጢ የሚል ብቻ ይጻፋል። ዘመድ ያወራ ይሆናል፤ ሚስቱ ፎቶ እንኳ ነፈገችው የሚሉ አይጠፉም። ይበሉ።

ያንን የደበዘዝክበትን ግን አሳተምኩት። የፎቶ ቤቱ ሰው ልማዱ ነውና ከአበባው ለይቼ አንተን ብቻ ላውጣው ወይስ አበባውን ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም እንዳትቆርጥ አልኩት። ሁለት አወጣልኝ፤ አንዱን ጋሽ ወርቁ ኮታቸው ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። ሌላው አሁን ስጽፍልህ ከፊቴ ነው።

ሥራዬን አልተውኩም። ትናንት ለአንዲት ወላድ እቅፍ አበባ ሠርቼ በሩ ጋ ሳነሳ የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ ጨረቃዋን ወንበርህ ላይ አስደግፌያት ነበር። አትንቀጠቀጥም። አበባው በጣም ጥርት ብሎ ወጣ። ከመላኬ በፊት እንደ ልማዴ ጣቴን ጥጉ ላይ አደረግኩ፤ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ፤ አሥር ወር ሙሉ ያልወጣልኝ ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣልኝ። ወላዷ አበባዋን ዘግይታ ነው ያገኘችው።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ እንደምትለኝ አውቀዋለሁ፣ ስቀህ ታልፈኛለህ። የምልህ ይህን ነው። ሰው በሐውልትህ ሥር ሲያልፍ ስምህን አንብቦ ይለፍ። እኔ ግን ስለአንተ የማስታውሰው መልክህን ብቻ እንዳይሆን፣ እሱ ከጋሽ ወርቁ እንደጠፋው ከእኔም ሊሄድ ይችላልና፣ ክንድህን አስታውሳለሁ። ጨረቃዋ በመጀመሪያው ዓመት የት ድረስ ከፍ ብላ እንደነበር፣ በሰኔ የት እንደወረደች፣ ጉልበትህ ላይ አሳርፈህ እንኳ አልቻልኩም እንዳላልከኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቤቲንም ሌላውንም ሰው ሳይ መሐሉን ትቼ መጀመሪያ ከዳር አያለሁ።

ዘነቡ